እጁ ንጹህ ነበር

ሚያዝያ ነበር። ፋሲካ አልፎ የሠርግ ጥሪ እርስ በርሱ የሚጋጭበት ሰሞን። አራት ኪሎ ያለችው ሱቄ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን እንሠራለን። ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ የሠርግ ካርድ። ትልቅ ማተሚያ ቤት ሄደው ሺህ ካርድ የማያሳትሙ ሰዎች ናቸው የሚመጡልኝ። መቶ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ የሚሉ።

የዚያን ቀን ሁለት መቶ ካርድ ነበረን። ወረቀቱን የሙሽራዋ አባት ራሳቸው መርካቶ ዞረው መርጠው፣ ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። ክሬም ቀለም፣ ባለ 300 ግራም (አንድ ካሬ ሜትሩ ማለት ነው)፣ ሲዳስሱት ደስ የሚል። "ሁለት መቶ አሥር ፍሬ ነው ልጄ። አሥሩ ለብልሽት ነው። አደራ" አሉኝና ወጡ።

ሠላሳ ካርድ ያህል በሰላም ታተመ። ከዚያ አንዱ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። ቀኝ ጠርዙ ላይ፣ ከሙሽራዋ ስም አጠገብ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል። ጠብታ አይደለችም፤ የተጎተተች ናት። ቀለም የነካው ጣት ዳበስ አድርጎት ያለፈ ይመስላል።

ካርዱን ከፕሪንተሩ እያነሳ የሚደረድረው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀን እኔ ጋ ይውላል፣ ማታ ይማራል። ጠዋት የሌላኛውን ፕሪንተር ታንክ ቀለም ሲሞላ አይቼዋለሁ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

"በዚህ እጅህ ነው የሰው ሠርግ የምትነካው?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ጥረዛ እየጠበቁ ቆመዋል። አንዷ ቶሎ ብላ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ልጁ አልመለሰልኝም። ወጣ፤ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳ፤ በሳሙና እያሸ፣ ጥፍሮቹን ሳይቀር እየፈተገ ታጠበ። ተመልሶ መጣና ሁለት መዳፎቹን ገልብጦ አሳየኝ። ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

"ታጥቤያለሁ፣ እትዬ።"

ሥራው ቀጠለ። አሁን ፕሪንተሩ ላይ አፍጥጫለሁ። ሦስተኛው ካርድ ገና ግማሹ ሳይወጣ፣ የማንም እጅ ሳይደርስበት፣ ጥቁሯ እዚያው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ከማሽኑ አፍ ስትወጣ በዓይኔ አየኋት። ልጁም አያት። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

እኔ ያልኩት ምንድን ነው? "ወረቀቱ ነው መሰለኝ።"

ይኸው ዓመት አለፈ። ሠርጉ ተደግሶ ተበልቷል፤ ሙሽሮቹም ሰሞኑን ልጃቸውን ክርስትና ያስነሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔን ግን ያቺ "ወረቀቱ ነው መሰለኝ" አልለቅ ብላኛለች።

የሚነክስና የሚረጭ

ማሽኑን አቆምኩት። ልጁን ምሳ ብላ ብዬ ላክሁት፤ ዓይኑን ማየት ስለከበደኝ ነው እንጂ የምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር።

በዚያ መሀል ጋሼ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ብቻ ነው የሚላቸው። ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚ ናቸው። አራት ኪሎ መቼም የማተሚያ አገር ነው፤ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከሱቄ በእግር የሚደረስ ነው። ጋሼ የሠሩበት ዘመን ከእርሳስ የተሠራው ፊደል አንድ በአንድ የሚለቀምበት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላውና ቁጥሩ ሳይገባ። የቱ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ዓይን ሳይሆን ጣት ነው የሚያውቀው ይሉኛል።

የተበላሸውን ካርድ ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው አዩት። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳበሱት።

"ማሽንሽ ወረቀቱን ይነካዋል እንዴ?"

"ጋሼ፣ ካልነካው እንዴት አድርጎ ያትማል?"

ሳቁብኝ። "እሱ የእኛው ነው። የእኛ ፊደል ወረቀቱን ካልነከሰው አልታተመም። ሲሳሳብን ከሥር ስስ ወረቀት እየለጠፍን ከፍ እናደርገው ነበር፤ በደንብ እንዲነክስ። ያንቺው የሚረጭ አይደለም እንዴ?"

አሥር ዓመት ሠርቼበታለሁ። ቀለም ሞልቼለታለሁ፣ ስፖንጁን አጥቤለታለሁ፣ ሄዱን አውጥቼ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፌለታለሁ። እንደሚረጭም አውቃለሁ። የሚረጭ ነገር ግን መንካት እንደሌለበት አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ጋሼ ኮምፒዩተር መክፈት አይችሉም። እኔ ያላየሁትን ግን በሁለት ደቂቃ አዩት።

ሄድ የምንለው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰ ቀለም የሚተፋውን ክፍል ነው። ከሥሩ ከጸጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች አሉት። ከያንዳንዷ የምትወጣው ጠብታ በፒኮ ሊትር ነው የምትለካው፤ አንድ ፒኮ ሊትር የሊትር ትሪሊዮንኛ ነው። ኤፕሰኖች ጠብታዋን የሚገፏት ኤሌክትሪክ ሲነካው በሚለጠጥ ቁስ ነው። ኤችፒና ካኖን ደግሞ ቀለሙን በቅጽበት አፍልተው በአረፋ ይገፏታል። በየትኛውም ቢሆን ጠብታዋ ወረቀቱ ላይ የምትደርሰው በርራ ነው። የምትበርበት አየር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የፕሪንተሩ ሥራ ሁሉ እዚያች ባዶ ቦታ ውስጥ ነው ያለው።

ያቺ ባዶ ቦታ ከጠፋች ሄዱ ወረቀቱን ይፍቀዋል። ከሥሩ ያቆረው ቀለም ይጎተታል። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክለው ጥቁር እሷ ናት። ሲብስም የወረቀቱ ብናኝ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ካርድ ብቻ አይሆንም።

ሁለት ካርድ ያህል ፀሐይ

ልለካው ፈለግሁ። መለኪያ መሣሪያ የለኝም፤ ማስመሪያ አለኝ። የተለመደው ባለ 80 ግራም ደስታ ወረቀት አምስት መቶው ፍሬ ሲደረደር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሠርጉን ካርድ ሃያ ፍሬ ደርድሬ ብለካው 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንዱ 0.4። አራት እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ "በቃ፣ ወፈረ፣ ነካ" ብዬ ልጨርስ ነበር። ግን ሂሳቡ አልሞላልኝም። ካርዱ 0.4 ቢወስድ እንኳ ከ1 ሚሊ ሜትር ላይ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ደግሞስ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳዎቹ ለምን አልተነኩም?

ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ልክ አየኋቸው። ጠርዛቸው ወደ ላይ ቀና ብሏል። እንደ ሰፌድ። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ካርድ ቢደራረብ የሚሆነውን ያህል ነው። ለዚያች ክፍተት ግን ይበቃታል።

ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ይተነፍሳልም። አንደኛው ፊቱ ቶሎ ከደረቀ ያ ፊት ይኮማተርና ወረቀቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። ታዲያ ላይኛው ፊት በምን ደረቀ? ቀና ብዬ አየሁ። ጠዋት ፌስታሉን ቀድጄ፣ ካርዱን በር አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ሳልሸፍነው አስቀምጬዋለሁ። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ ነው። ሠላሳዎቹ በጠዋት የታተሙት ናቸው።

ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በዚሁ በታጠበ እጄ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው የሆነብኝ። ማሽኑን መጠርጠር ያስፈራል፤ ከተበላሸ ወጪ ነው። ራስን መጠርጠር ደግሞ ለማንም አይቀልም። ልጁን መጠርጠር ግን ምንም አያስከፍልም። ቢያንስ ያን ሰዓት የመሰለኝ እንዲያ ነው።

እግር ያለው ፊደል

የእኔ ፕሪንተር ጠና ያለ ነው። ክዳኑ ሲነሳ በቀኝ በኩል አንዲት ማንሻ አለችው። 0 እና የመደመር ምልክት ተጽፎባታል። አሥር ዓመት ሙሉ 0 ላይ ነበረች። ወደ መደመሩ ስትገፋ ሄዱ የሚንሸራተትበትን ዘንግ ታነሳዋለች፤ ሄዱ ከወረቀቱ ይርቃል። ያለቻት ሥራ ይቺው ብቻ ናት።

ገፋኋት። ካርዱን ወደ ኋላ ለመጥ ለመጥ እያደረግሁ አቃናሁት። አንድ አስገባሁ። ወጣ። ጥቁር የለም። ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ሦስት አራቱን ካተምኩ በኋላ ነው ጽሑፉን ያየሁት። የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ዓይኔን አሸሁ። "በ" አራት እግር አብቅሏል። "ጠ" ስድስት። እያንዳንዱ ቀጥ ያለ መስመር አጠገቡ ጥላ የመሰለ መንታ ቆሟል። አግድሞቹ ግን ደህና ናቸው። የላቲኑም ፊደል ቀጥ ያለ መስመር አያጣም፤ የእኛው ግን አብዛኛው በእግሩ ነው የሚቆመው። "በ" እና "ባ" የሚለዩት በአንድ እግር እርዝማኔ ነው። "ቢ" ደግሞ እግሩ ሥር ባለች ትንሽ ጭረት። እሷ ከጥላዋ ጋር ስትቀላቀል ሰው ስሙን የሚያነበው በግምት ይሆናል።

ይኼኛው ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ቡና አስመጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ራሴን አረጋጋሁ።

ከሚሄድ ታክሲ መስኮት የብርቱካን ልጣጭ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። (መጣሉ ነውር ነው፤ ግን ሁላችንም ጥለናል።) ልጣጩ ከለቀቁት ቦታ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ታክሲው ወደሚሄድበት ሸርተት ብሎ ነው የሚያርፈው። ሄዱም እየሮጠ ነው የሚተፋው። ወደ ቀኝ ሲሄድ ጠብታዋ ወደ ቀኝ ሸርተት ትላለች። ወደ ግራ ሲመለስ ወደ ግራ። ፕሪንተሩ ይህን ያውቃል፤ ለተለመደው ክፍተት አስቦ ቀደም ብሎ ይተፋና ሁለቱን አንድ ቦታ ያሳርፋቸዋል። እኔ ሄዱን ከፍ ሳደርገው መንገዷ ረዘመ። ሸርተቴውም አብሮ ረዘመ። ማሽኑ ግን አልሰማም፤ በድሮው ሂሳብ ነው የሚሠራው።

በቁጥር ላስበው። ጠብታዋ በሰከንድ 8 ሜትር ብትበር፣ ሄዱ ደግሞ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሮጥ፣ በያንዳንዱ ተጨማሪ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ጠብታዋ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ትርቃለች። ምንም አይደል ይባላል። ግን ሲሄድ በአንድ በኩል፣ ሲመለስ በሌላ በኩል ነው፤ በሁለት ሲባዛ 0.12። የጸጉር ውፍረት ያህል ነው። ስስ የፊደል እግር አጠገብ ጸጉር ያህል ጥላ ሲቆም ዓይን ወዲያው ያውቀዋል።

ከዚህም ሌላ ጠብታዋ ብቻዋን አትሄድም። ከኋላዋ የሚከተሏት ጥቃቅን ብናኞች አሉ። ሲቀርቡ አብረዋት ያርፋሉ። መንገዱ ሲረዝም አየር ይበትናቸዋል፤ የፊደሉን ጠርዝ ጭጋግ ያለብሱታል። እና ከፍ ማድረግ በነጻ አይደለም። ዝቅ ካለ ይፍቃል፣ ከፍ ካለ ይሳሳታል። መሀሉ ላይ ያለችው ቦታ ደግሞ በወረቀቱ ዓይነት ትለዋወጣለች።

መላው ሁለት ነው። አንዱ ሄድ አላይንመንት የሚባለውን ማሠራት ነው፤ ያውም ማንሻዋ እንደተነሳች፣ ካርዱ ራሱ ላይ። መስመሮች አትሞ የትኛው ገጥሟል ብሎ ይጠይቃል፤ የገጠመውን ቁጥር መምረጥ ነው። ሌላው በሁለቱም አቅጣጫ ማተሙን ከሴቲንግ ማጥፋት ነው። በአንድ በኩል ብቻ እየተፋ በባዶው ይመለሳል። ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። መንታው ግን ይጠፋል፤ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ስለሆነ ማንም አያየውም። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጨረስን። መብራት አለመሄዱ ራሱ ተአምር ነው።

ቆጠርነው። ሰባት ጥቁር የነካቸው፣ ስድስት መንታ የወጣባቸው። አሥራ ሦስት። አሥሩ በአባትየው ትርፍ ተሸፈነ። ሦስቱ ጎደሉ። ጠዋት መጥተው ስነግራቸው ካርዱን አገላብጠው አዩና "ሦስቱን በስልክ እጠራቸዋለሁ፤ እነሱም ደስ ይላቸዋል" አሉ። ሂሳቡን ሙሉ ከፈሉኝ። የሦስቱን ልመልስ ብል አሻፈረኝ አሉ።

ማንሻዋን መመለስ

በማግስቱ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም መጣ። መቶ አሥር ገጽ። አተምን፣ ጠረዝን፣ ወሰደ። በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። "አማካሪዬ መነጽሬን መቀየር አለብኝ መሰለኝ አሉ" አለኝ። ማንሻዋን አልመለስኳትም ነበር። አላይንመንቱን ለካርዱ አስተካክዬ ለስስ ወረቀቱ ሳልመልሰው ቀርቻለሁ። መቶ አሥሩንም በነጻ አተምኩለት። መምህሩ መነጽራቸውን ሳይቀይሩ ነው የደረስነው።

ከአዲሶቹ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ማንሻ የላቸውም። በኮምፒዩተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ስትመርጥላቸው ሄዱን ራሳቸው ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ወፍራም ወረቀትና ፖስታ የሚል ምርጫ ለብቻው አላቸው። ችግሩ ሰው ያን ቦታ አያየውም። ካርድ አስገብቶ ተራ ወረቀት እንደሚል ትቶት ያዝዛል። ማሽኑ የተነገረውን ነው የሚያምነው።

አሁን ሱቁ ውስጥ የተለወጡ ነገሮች አሉ። ወፍራም ወረቀት ከመታተሙ በፊት ከፌስታሉ አይወጣም። ክረምት ላይም እንዲሁ፤ ያኔ ደግሞ በተቃራኒው እርጥበት ጠጥቶ ይወላገዳል። ከታች ባለው ሳጥን ሳይሆን ከኋላ በቀጥታ ነው የሚገባው፤ ከታች ሲገባ ታጥፎ ስለሚዞር ይቆለመማል። ማንሻዋ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ "መልሷት" ይላል። ጽሑፉ የልጁ ነው።

ስለ ልጁ ያልነገርኳችሁ አለ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። የካርዱን አያያዝ ተማርኩ። አነጋገሩ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ በዛ አልኩ። ሁለተኛውን ቀን ምሳ ጋበዝኩት፤ በልቶ አመሰገነኝ፤ ሽሮዬን ስጠቀልል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ስንዘጋ፣ ቆርቆሮውን እየሳበ ሳለ ከኋላው "ያኔ እጅህን ያልኩህ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩት። ፊት ለፊት አይደለም። ከኋላው ነው። እሱም ዞር ሳይል "ኧረ ምንም አይደል፣ እትዬ" አለና ቁልፉን ሰጠኝ።

ተማሪዎቹ ፊት ነበር የጮህኩበት። ይቅርታውን የሰማ ግን ማንም የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው መሰለኝ።

ዘንድሮም ሚያዝያ መጣ። ባለፈው ሳምንት መቶ ሃምሳ ካርድ ነበረን። ማንሻዋን ራሱ ገፋት፣ አላይንመንቱን ራሱ ሠራ፣ በማስመሪያው ለካ። ከእኔ ይሻላል አሁን። የመጀመሪያው ካርድ መውጣት ሲጀምር ሊያነሳው እጁን ዘረጋ። ከዚያ ቆም አለ። ወደ እኔ ዞሮ መዳፎቹን ገልብጦ አሳየኝ። ፈገግ ያለ መሰለኝ። ደንበኛ ገባና ዞር አልኩ።